አምባሰል፦ ከተራራው እስከ ክራሩ

(የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም)

[ድምፅ፦ ክራር ሲቃኝ፤ አንዱ አውታር ጠበቅ፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቅ]

ተራኪ፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ማምሻውን። እዚህ ሰፈር እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉ የባህል ምግብ ቤቶች የአገሪቱን ዘፈንና ጭፈራ ማታ ማታ በአንድ መድረክ ያሳያሉ። እስክስታው፣ ጉራጊኛው፣ የወላይታው ምት በየተራው ይመጣል። ጭፈራው ጋብ ሲል ክራር ተጫዋቹ ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ከታዳሚው መካከል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አምባሰል!» ይላል።

በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ተጫዋቹም ምን አልክ ብሎ አይጠይቅም፤ ይጀምራል። እኛ ግን እንጠይቅ። አምባሰል ብሎ የተጣራው ሰው ተራራውን ጠርቶ ሊሆን ይችላል። አንድ የታወቀ ዘፈን ጠርቶ ይሆናል። የክራር አቃኛኘትም ይሆናል። ወይም ትቶት የመጣውን አገር። አራቱም የሚጠሩት በዚሁ በአንድ ስም ነው።

[ድምፅ፦ ክራር፣ የአምባሰል መግቢያ፤ ቀስ እያለ ይርቃል]

ተራኪ፦ ከተራራው እንነሳ። ከደሴ በወልዲያ መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ሐይቅን አልፈው አምባሰል ይገባሉ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ውጫሌ ይባላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት፣ በኋላም ለዓድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል የተፈረመው እዚሁ ነው። ገደሉ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ የሚበዛበት አገር ነው። ግሸን ማርያምም እዚሁ ናት፤ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው ምእመን የሚጎርፍባት፣ ግማደ መስቀሉ እንዳረፈባት የሚታመን፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ።

የአምባሰል ገዥ እንኳ ማዕረጉ ለብቻው ነበር። ሌላው አገር ራስ፣ ደጃዝማች ሲል አምባሰል «ጃንጥራር» ይል ነበር። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ነበሩ። እንግዲህ ይህ ስም ዘፈን ሳይሆን በፊትም ክብር የነበረው ስም ነው።

ግሸን ለመቶዎች ዓመታት ሌላም ሥራ ነበራት። ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ልጆች ታስረው የሚኖሩባት አምባ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ንጉሣውያኑ እስር ቤት የጻፈው አውሮፓ ደረሰ፤ ወሬውም «የአማራ ተራራ» እየተባለ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው የገነት ግጥሙ ውስጥ አስገባው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ በተራራ ተከቦ ያደገ የሐበሻ ልዑል ታሪክ አደረገው፤ መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ሌላው እንግሊዛዊ ባለቅኔ፣ ኮልሪጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 በታተመው «ኩብላ ካን» በተባለው ግጥሙ፣ አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ ባለ አውታር መሣሪያ ይዛ ስለ አንድ ተራራ ስትዘፍን በራእይ አያታለሁ ይላል። በታተመው ግጥም የተራራው ስም «አቦራ» ነው፤ በእጁ በጻፈው ቅጂ ላይ ግን «አማራ» ይላል። ይህ ሰው ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፤ ክራርም አልሰማም። ሆኖም የጻፈው ነገር ወሎ ውስጥ በእውን የሚደረግ ነው፤ ሴት ልጅ አውታር እየነካች ስለ አምባው ትዘፍናለች።

[ድምፅ፦ የሴት ድምፅ ያለ ቃል፣ በክራር ታጅቦ]

ተራኪ፦ ተራራው ዘፈን ሆነ፣ ዘፈኑ ደግሞ ቅኝት ሆነ። ዛሬ የሙዚቃ ተማሪ አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ብሎ የሚቆጥራቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ልብ በሉ፣ አድማጮች፦ ትዝታ የስሜት ስም ነው፤ አንቺ ሆዬ ሴት የሚጠሩበት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቦታዎች ወሎ ውስጥ ናቸው። ጎንደር በአዝማሪ፣ ጎጃም በቅኔ ይኮራሉ፤ የአማርኛ ዘፈን የቆመባቸው ቅኝቶች ግን በቦታ ስም ሲጠሩ የወሎ ስም ነው የሚመጣው። ወሎዬዎች በዚህ ቢኮሩ አይበዛባቸውም።

አሁን ክራሩን ጠጋ ብለን እንስማ።

[ድምፅ፦ ክራር፤ አምስቱ ድምፆች አንድ በአንድ]

ተራኪ፦ ይህ አምባሰል ነው። አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው የሚወጣው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ያንቃል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሰፊ ዝላይ፤ ከዚያ ወደ አራተኛው አንድ ሙሉ ድምፅ፤ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው እንደገና ግማሽ። ጥበቱና ዝላዩ እየተፈራረቁ ነው ያንን የሚያስተክዝ፣ ግን የማያለቅስ ጠባይ የሚሰጡት።

ቀጥሎ የምትሰሙት ትዝታ ነው፤ ማይነር የሚባለው ትዝታ።

[ድምፅ፦ ክራር፤ ትዝታ ማይነር፣ ከዚያ አምባሰል፣ ከዚያ ትዝታ]

ተራኪ፦ ክራር ተጫዋቹ በሁለቱ መካከል አንድም አውታር እንደገና አልቃኘም። ትዝታ ማይነርን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ይሆናል። እነዚሁን አምስት ድምፆች ከሶል ብንጀምራቸውና ዜማው ሶል ላይ እንዲያርፍ ብናደርግ አምባሰል ይሆናል። የሚለያቸው ማረፊያቸው ብቻ ነው። ማረፊያው ሲለወጥ ግን ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ነው፣ አንጀት የሚበላበትም መንገድ ሌላ ነው። ይህን መምህር ሳያስተምራቸው በጆሮ ብቻ ለይተው ያቆዩት ባለ ክራሮችና አዝማሪዎች ናቸው፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው።

ክራሩ አምስት ወይም ስድስት አውታር ስላለው ቅኝቱን በአውታሩ ይይዛል። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ቅኝቱ ያለው በአዝማሪው ጣቶች ውስጥ ነው። ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው፤ ነፊው በትንፋሹና በጣቱ ያስተካክላል፣ ከአንድ በላይ ዋሽንት ይዞም ይዞራል። ለሦስቱም «አምባሰል» ያው አምባሰል ነው፤ ለመድረስ የሚሄዱበት መንገድ ነው የሚለያየው። ዛሬ ቦሌና ሃያ ሁለት አካባቢ ባሉ ስቱዲዮዎች ደግሞ ኪቦርድ አለ።

አንድ ነገር መለየት አለብን፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ዘፈን ሁሉ ስለ አምባሰል አይዘፍንም። ስለ ፍቅርም፣ ስለ ስደትም፣ ስለ እናትም ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የአምባሰልን ተራራ የሚጠራ ዘፈን ሁሉ በአምባሰል ቅኝት አይደለም። አንዱን ስም የያዙት ሁለቱ ነገሮች አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ በየፊናቸው። አብረው ሲሄዱ ነው ማሪቱ ለገሰን የምናገኛት። ከወሎ የተገኘች፣ በላሊበላ የኪነት ቡድን የታወቀች፣ አምባሰልና ባቲ ሲነሱ ስሟ አብሮ የሚነሳ ድምፃዊት ናት። እሷ አምባሰልን ስታዜም ቅኝቱንም አገሩንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምታመጣው።

በካሴት ዘመን ይህ ስም የንግድም ስም ሆነ። «አምባሰል» የሚል ማሳተሚያና ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ስሙ የካሴት ሽፋን ላይ ታትሞ ተራራውን አይተውት የማያውቁ ቤቶች ሁሉ ገባ።

[ድምፅ፦ ካሴት ሲገባ፣ ቁልፍ ሲጫን]

ተራኪ፦ አንድ ስም ለብዙ ጥበብ መዋሉ የእኛ ብቻ አይደለም። ደቡብ ህንድ ውስጥ «ያክሻጋና» የሚባል ስም አለ። በካርናታካ ግዛት ያክሻጋና ማለት ትልልቅ የራስ ጌጥ የደፉ ተዋንያን ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱት ቲያትር ነው። በቴሉጉ ቋንቋ ደግሞ ያክሻጋና በዜማ የሚጻፍ ተውኔት ነው፤ የታንጃቩር ገዥዎች ራሳቸው ይጽፉት ነበር። ካርናቲክ በሚባለው የደቡብ ህንድ ሙዚቃም ዜማ የሚሠራባቸው ራጋዎች የቦታ ስም ይይዛሉ፤ «ሳውራሽትራም» የሚባለው ስሙ የምዕራብ ህንዱን የሳውራሽትራን ምድር ይጠራል፣ የእኛው ባቲና አምባሰል እንደሚያደርጉት።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። «ሞሃናም» የሚባለው የደቡብ ህንድ ራጋ አምስቱ ድምፆቹ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከህንድ፣ በብዛትም ከኬረላ፣ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። ሞሃናምን የሚያውቅ ጆሮ ይዘው የመጡት፣ አንድ ምሽት ከጠጅ ቤት ትዝታ ሲሰሙ መንገድ ላይ ቆም ሳይሉ አልቀሩም ብዬ አስባለሁ። የአምባሰል አምስት ድምፆች ደግሞ ሚያኮቡሺ በተባለው የጃፓን ስልት ውስጥ ይገኛሉ። ድምፆቹ የሰው ልጅ ሁሉ ናቸው፤ ስሙ ግን ወሎ ላይ የተሰየመ ነው።

[ድምፅ፦ የቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ከሩቅ፣ ጸናጽልና ከበሮ]

ተራኪ፦ የመድኃኔዓለም ካቴድራል እዚሁ ቅርብ ነው። እዚያ ውስጥ ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ አምባሰል፣ ባቲ አይባልም። ግን የስሙ ነገር እዚያም አለ። ሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ግዕዝ ቋንቋው ነው፣ የፊደሉ የመጀመሪያ ዓምድም ግዕዝ ነው፣ ስልቱም ግዕዝ ነው። መርጌታው የትኛውን እንዳለ ደቀ መዝሙሩ ከአገባቡ ያውቃል።

የአምባሰል ነገር ግን የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የግዕዝን ስም የሚሸከም ጉባኤ ቤት አለ። አምባሰልን ማን ይሸከመዋል? ዛሬ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ አያት ያሉ ልጆች በግል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ሲማሩ አምባሰልን የሚያገኙት ወረቀት ላይ በተጻፉ አምስት ድምፆች ነው። ትክክል ነው፣ መማር አለባቸው። ነገር ግን ስሙ የአንድ አገር መሆኑን፣ አገሩም ሰው ያለበት መሆኑን የሚነግራቸው መምህር ያስፈልጋቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌን አልፎ ደሴ ሲደርስ፣ ዜና ላይ «አምባሰል» ሲባል ሰምተው ቅኝቱን ብቻ ያሰቡ ወጣቶች ነበሩ። የተፈናቀለው ደግሞ ያንን ዘፈን ያወጣው ገበሬ ነው።

ዘፈኑን የሚጠሩት አብዛኞቹ እንግዶች እዚህ ቦሌ ከአውሮፕላን ጣቢያው የመጡ ናቸው። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከሪያድ ለሰርግ ወይም ለለቅሶ የመጣ ሰው፣ ጓዙን አሳርፎ ባህል ቤት ሲገባ አምባሰል ይላል። ወሎዬም ይሁን አይሁን። እሱ ሲጠራ ተራራውም፣ ዘፈኑም፣ ቅኝቱም፣ የናፈቀው ቤትም አንድ ላይ ናቸው፤ ባለ ክራሩም የቱን እንደሆነ ሳይጠይቅ መጀመሩ ትክክል ነው።

[ድምፅ፦ የአምባሰል ዜማ ሙሉ በሙሉ፣ አንድ ደቂቃ]

ተራኪ፦ በሚቀጥለው ክፍል ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ እንሄዳለን። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት በሰኞ ገበያ ውለን፣ ባቲ የምትባለው ከተማ ባቲ ለሚባለው ቅኝት ምን እንደሰጠችው እንሰማለን።