በድሬዳዋ ግቢ የሚቆፈር የአትክልት ጉድጓድ

ከሐረር ተነሥቶ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከተማይቱ ከነዛፎቿ በሜዳው ላይ ለምልማ ባያት ጊዜ ውሃ የሞላባት አገር ትመስለዋለች፤ የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ግን ከአሸዋና ከጠጠር በቀር ምንም የማያይበት ወራት ይበዛል። የምድር ባቡር ከጅቡቲ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፣ በ1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሐሩር ውስጥ ተቀምጣ፣ በከዚራም በመጋላም ሰፈር ግቢ ፓፓያና ሎሚ ስታጸድቅ የኖረችው በሰማይ ዝናብ ብቻ አይደለም።

በበልግና በክረምት በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናም በየሸለቆው እየተንደረደረ ሜዳው ላይ ሲደርስ ኃይሉ ይደክማል፤ ተሸክሞት የመጣውን ጠጠርና አሸዋ ያራግፍና ከፊሉ በዚያው ደለል ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል። የግቢ ጉድጓድ የሚቀዳው ይህን ስውር ውሃ ነው።

ጉድጓዱ መቆፈር ያለበት ከበልግ በፊት፣ ውሃው እጅግ በሸሸበት ወራት ነው፤ በክረምት ማግስት ውሃ አገኘሁ ብሎ ቁፋሮውን ያቆመ ሰው በበጋ ጭቃ ይጠብቀዋልና። ደለሉ ልል ስለ ሆነ፣ ግድግዳው በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ቀለበት እየተደገፈ ካልወረደ በቆፋሪው ላይ ይናዳል። በነዳጅ የሚሠራ ሞተርም ወደ ጉድጓድ ከቶ አይውረድ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ነፍስ ያጠፋል።

ወርዱ 1 ሜትር በሆነ ክብ ጉድጓድ ውስጥ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 785 ሊትር ያህል ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 39 ጊዜ ይሞላል። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በሙቀት ወራት በቀን 5 ሊትር ያህል ቢሰጠው፣ 20 ካሬ ሜትር የሆነ የጓሮ አትክልት በ5 ጀሪካን ይረካል ማለት ነው፤ ይህንም በመዘውርና በባልዲ መቅዳት ይቻላል። ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ግን፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋለት የአየር ክብደት ስለ ሆነ፣ ውሃው ከ7 ሜትር ያህል በታች ከሆነ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ የገመድ ፓምፕ ወይም ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ያስፈልጋል።

የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል ስለሚያልፍ በጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ስለዚህ በቅጠል ላይ ከመርጨት ይልቅ ማለዳ ወይም ማታ ከሥር ማጠጣት ይሻላል፤ የሎሚ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢገረጣ፣ ኖራው ብረት እንዳያገኝ ከልክሎት ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው፣ በከተማው ውስጥ ከመጸዳጃ ጉድጓድ እየሰረገ የሚቀላቀለው ናይትሬት ነው። ይህ ለተክል ምግብ ነው፤ ለሕፃን ግን አደገኛ ነው፤ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል። እንግዲህ እንደኔ እንደኔ፣ የግቢ ጉድጓድ ክብሩ አትክልቱን አጠጥቶ የቧንቧውን ውሃ ለመጠጥ ማትረፉ ነው እንጂ ራሱ ለመጠጥ መቅረቡ አይደለም።

ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነግረን፣ የይስሐቅ ሎሌዎች በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ባገኙ ጊዜ የአገሩ እረኞች ተጣሏቸው። የጎረቤታሞች ጉድጓዶችም ከአንድ ደለል ስለሚቀዱ፣ አንዱ ፓምፑን ቀኑን ሙሉ ቢያስነሣ የሌላው ውሃ ይሸሻል፤ ተራና ሰዓት መወሰን የደግ ጎረቤት ሥራ ነው።

ደቻቱም ሁልጊዜ ደረቅ አይደለም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ አጥፍቷል። የጉድጓድ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ተገንብቶ በጠንካራ ክዳን መዘጋት አለበት፤ ጎርፍ የገባበትም እንደ ሆነ፣ ውሃው ተቀድቶ እስኪያልቅና ጉድጓዱ ተጠርጎ በክሎሪን እስኪጸዳ ድረስ፣ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ሊጠጣበት አይገባም።