ለአዲስ ሐሳብ የመጀመሪያውን ብር ማን ይሰጣል?

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት፣ በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀብሮ ገደለ። ቦታው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት የኖረ ነው። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ በግርጌው ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩም ነበሩባቸው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቆሻሻ እያቃጠለ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። ጣቢያው 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀና በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር።

እንዲህ ላለው ታላቅ ሥራ ገንዘብ የሚመድብ መንግሥት አለ። ለጉሊት ንግድና ለሻይ ቤት ደግሞ ዕቁብ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ግን አሳዳጊ እንደሌለው ልጅ ሆኖ ይታያል። ይኸውም አንድ ወጣት ወይም ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ለከተማቸው ችግር አዲስ ዘዴ አስበው የሚያቋቁሙት፣ በዘመኑ ቋንቋ «ስታርታፕ» የሚባለው ጀማሪ ድርጅት ነው። በሞቃቱ የምድር ወገብ ዙሪያ ያሉት ከተሞች፣ አዲስ አበባም ናይሮቢም ኪጋሊም፣ ከቧንቧቸውና ከመንገዳቸው ፈጥነው የሚያድጉ ስለሆኑ ይህ ጉዳይ ለሁሉም አንድ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻን ወደ ገንዘብ መለወጥን ከባዕድ አልተማረም። ቆራሌው ጆንያውን አንግቶ በየመንደሩ እየተጣራ አሮጌ ጫማና ባዶ ጠርሙስ ሲገዛ ኖሯል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ የዘይት ቆርቆሮው ኩራዝ ሲሆን በዓይኑ ያያል። ምናለሽ ተራን የተፈታተነው ፕላስቲክ ነው። ፌስታል በመዶሻ አይቀጠቀጥም፤ ቢቀበርም አይበሰብስም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ቦዩን ደፍኖ ጎርፉን ወደ መንገድ ያወጣዋል።

በ2021 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኩቢክ የተባለው ኩባንያ የተነሣው በዚህ ላይ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቅዱስ አስፋው ይባላል። ኩባንያው በአዲስ አበባ ፋብሪካ አቁሞ የተጣለውን ፕላስቲክ ከሰብሳቢዎች እየገዛ፣ አቅልጦና በቅርጽ አውጥቶ፣ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የሚቆም ግድግዳና ምሰሶ ይሠራ ጀመር። ግድግዳው ሲሚንቶ አያስፈልገውም። ሲሚንቶ አንዳንዴ በገበያ ጠፍቶ፣ አንዳንዴም ዋጋው ሰማይ ነክቶ ግንበኛው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ላየ የከተማችን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን የመጀመሪያው ግድግዳ ከመቆሙ በፊት ስንት ወጪ እንዳለ እናስብ። ማቅለጫው መኪና ከውጭ በዶላር ይገዛል። ከዚያ ዕቃው ሸክም ይችል እንደሆነ፣ እሳትስ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን መመርመር አለበት። ያልተመረመረ ግድግዳ ሥር ልጆቹን የሚያስተኛ አባት የለምና ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርመራው ሁሉ የሚያልቀው አንዲት ብር ሳትገባ ነው። በእኔ አስተያየት አብዛኛው መልካም ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ዕቁብ ለዚህ አይሆንም። ዕቁብን ማቃለሌ አይደለም፤ ብዙ ነጋዴ ሱቁን የከፈተው በዕቁብ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ያለውን እምነት እንደ እርሱ ወደ ገንዘብ የሚለውጥ ዘዴም አላውቅም። ነገር ግን ዕጣ የደረሰው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ድርሻውን ይዞ ዳኛው ፊት መቅረብ አለበት። ጨርቅ ነጋዴ ይህን ይችላል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ሲሞክር የሚቆይ ፋብሪካ ግን ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

ባንክም ቢሆን በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቤት ካርታ ነው። በባንኩ መፍረድ አይቻልም፤ የሚያበድረው የአስቀማጮቹን ገንዘብ ነውና ብድሩ ቢጠፋ የሚያዝ ነገር ይሻል። ቤት ያለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ፣ ፎቅ ሠርቶ ማከራየትን የሚመርጥ ነው። ሐሳቡ ያለው ወጣት የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው።

ስለዚህም ሦስተኛ ዓይነት ገንዘብ አለ። ባለገንዘቡ ወለድ አይጠይቅም፤ በምትኩ የድርጅቱን አክሲዮን ይወስዳል። ዐሥር ቦታ ገንዘቡን ቢዘራ ብዙው እንደሚደርቅ ያውቃል፤ ተስፋው አንዱ በቅሎ የሌሎቹን ኪሣራ እንዲሸፍንለት ነው። ኩቢክም በ2023 እ.ኤ.አ. 3.3 ሚሊዮን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተጨማሪ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያገኘው በአብዛኛው ከእንዲህ ዓይነት ባለገንዘቦች ነው።

ይህም ገንዘብ የራሱ ጣጣ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር፣ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ገብቶ በብር የሚያተርፍ ሰው፣ ሥራው ምንም ሳይበላሽ ድካሙ በግማሽ ቀንሶ አገኘው ማለት ነው። የውጭው ባለገንዘብ ሲያመነታ ፈሪ ነው እያልን ከማማት ይህን ማስታወስ ይሻላል።

ኪጋሊ ላይ አምፐርሳንድ የተባለው ድርጅት የገንዘቡን ችግር በሌላ በኩል ዞሮበታል። የሩዋንዳ ዋና ከተማ በሞተር ሳይክል ታክሲ የምትንቀሳቀስ ናት። ድርጅቱ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ሲያቀርብ፣ ከሁሉ ውድ የሆነውን ባትሪ ለነጂው አልሸጠም። ባትሪው የድርጅቱ ነው፤ ነጂው ሲያልቅበት ጣቢያ ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ሙሉውን ለውጦ ይወጣል፤ የሚከፍለውም ለተጠቀመበት ኃይል ነው። በዚህም የሞተር ሳይክሉ ዋጋ ለደሃው ነጂ ቀነሰ። ሸክሙ ግን አልጠፋም፤ ከነጂው ትከሻ ወደ ድርጅቱ ተዛወረ። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. 3.5 ሚሊዮን ዶላር በአክሲዮን፣ 9 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥት የልማት ገንዘብ ድርጅት በብድር መፈለጉ ስለዚህ ነው። ባትሪ የሚቆጠርና ገቢው በየቀኑ የሚታወቅ ንብረት ስለሆነ አበዳሪ ይደፍርበታል።

የናይሮቢው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ሙኩሩ በሚባለው የድሆች ሰፈር መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የፍሳሽ ቧንቧ ለመቅበር ብዙ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል። ሳነርጂ የተባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. እዚያ ትንንሽ መጸዳጃ ቤቶች መትከል ጀመረ። የተጠራቀመው በተከደነ ዕቃ ተይዞ በጋሪ ይወጣል፤ ፋብሪካ ሲደርስም ጥቁር ወታደር ዝንብ ለሚባለው ነፍሳት እጭ ይቀለባል። የደለበው እጭ ደርቆ ለዶሮና ለአሣማ መኖ፣ የቀረው ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። የመጀመሪያው ገንዘብ መሥራቾቹ በተማሩበት የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ተወዳድረው ያሸነፉት ሽልማት ሲሆን፣ በኋላ የበጎ አድራጊዎች ስጦታና ብድር ተከተለ።

ብልሃቱ ቢያስደንቅም ሒሳቡን አጥብቆ ማየት ያሻል። መኖና ማዳበሪያ ተሽጦ የመጸዳጃ ቤቱን አገልግሎት ሁሉ ይሸፍናል ማለት ዘበት ነው። ኋላ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው፣ መጸዳጃ ቤቱ ፍሬሽ ላይፍ፣ ፋብሪካው ሪጅን ኦርጋኒክስ ተብለው ለየብቻ ቆሙ። ፋብሪካውን ነጋዴ ገንዘብ ሊያስገባበት ይችላል። ሌላው ግን የጤና ሥራ ነው። ቧንቧ ላለው ሰፈር ፍሳሹን የሚያነሣው የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ፣ ቧንቧ ለሌለው የሙኩሩ ነዋሪ በጋሪ ሲነሣለት ለምን ከኪሱ ብቻ ይክፈል? ወጣቶቹ መንግሥት የሚሠራውን ሥራ ሠርተው ሳለ እንደ ሱቅ ነጋዴ «አትርፉ» መባላቸው ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ለዚህ ነው ከብድርም ከሽልማትም ይልቅ ለጀማሪ ድርጅት የሚጠቅመው ቁርጠኛ ገዢ ነው የምለው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ኮንሴፕቶስ ፕላስቲኮስ ከተባለ የኮሎምቢያ ድርጅት ጋር በአይቮሪ ኮስት የፕላስቲክ ጡብ ፋብሪካ ለማቆም ሲነሣ፣ 500 የመማሪያ ክፍሎች በዚያ ጡብ እንደሚሠሩ አብሮ አስታወቀ። ሴቶቹ ፕላስቲኩን ሲሰበስቡ ማን እንደሚወስድላቸው፣ ፋብሪካውም ጡቡን ሲያመርት ማን እንደሚገዛው ይታወቅ ነበር።

በእኛም አገር መንገዱ ከፊሉ ተጠርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147፣ ቤት የሌለው ሰው መኪናውን፣ የፋብሪካ መሣሪያውን፣ ወደፊት የሚሰበስበውን ሒሳብ ጭምር በዋስትና አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። እንግዲህ አንድ ክፍለ ከተማ «በየዓመቱ ይህን ያህል የመማሪያ ክፍል በዚህ ጡብ አሠራለሁ» ብሎ ከአንድ ጀማሪ ድርጅት ጋር የሦስት ዓመት ውል ቢፈርም፣ ያ ውል የሚሰበሰብ ሒሳብ ነው። ወጣቱ በካርታ ፈንታ እርሱን ይዞ የባንኩን በር ይመታል።