አመድ ያልሆነው አመድ

ባለፈው ሰሞን ኦሎምፒያ ካለ አንድ ቡና ቤት ከሁለት ወዳጆቻችን ጋራ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ወደ ቦሌ የሚወርድ አይሮፕላን ድምፅ ነገርን በነገር አነሣና የሃይሊ ጉቢ ወሬ መጣ። በአፋር ምድር የሚገኘው ይህ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ ሲፈነዳ፣ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በዖማን በኩል በማግሥቱ ማታ ሕንድ ደርሶ በረራ አሰረዘ። ከወዳጆቻችን አንዱ ግን «አመድ አይደለም እንዴ? ዝናብ ያጥበዋል» አለና ሲኒውን አነሣ።

ያሳሳተው ስሙ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃችን አመድ ጋራ ከቀለሙ በቀር ዝምድና የለውም። የምድጃው እንጨት ተቃጥሎ የቀረ ነው፤ ያኛው ግን የቀለጠ ድንጋይ በውስጡ በታመቀው ጋዝ ኃይል ተበጣጥሶ አየር ላይ የረጋ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ የድንጋይና የብርጭቆ ስብርባሪ ነው። ኬሚስቶች ሲመረምሩት የሚበዛው ሲሊካ ነው፤ ይኸውም የአሸዋና የመስተዋት ባሕርይ ሲሆን፣ እንደ ድንጋዩ ዓይነት ከመቶ ከ45 እስከ 75 እጅ ይደርሳል። የቀረው አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ከኦክሲጅን ጋራ ተዋሕደው ነው። ይህ ብርጭቆ በአይሮፕላን ሞተር ግለት ቀልጦ ከምላጮቹ ላይ ይለጠፋልና አብራሪዎች ይሸሹታል። አይሮፕላን መንገድ መለወጥ ይችላል።

ከብት ግን ወዴት ይሸሻል? በአፍዴራ ወረዳ አመዱ ግጦሹን በሸፈነው ጊዜ የአርብቶ አደሩ እንስሳ የሚበላው አጣ። ጉዳቱም በረኃብ ብቻ አያበቃም። ከአመዱ ጋራ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከአየሩ እርጥበት ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ ፍሎሪን ደግሞ ከአመዱ ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ሣሩ ላይ ሊወርድ ይችላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1783 በአይስላንድ የላኪ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ከአገሩ ከብትና በግ ከግማሽ የበለጠው አልቋል፤ ከገዳዮቹም ዋነኛው በፍሎሪን የተመረዘው ሣር ነበር።

ለስምጥ ሸለቆ ሰው ፍሎሪን እንግዳ አይደለም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የወደቀው አመድና ፑሚስ ዛሬም ፍሎራይዱን ጥቂት በጥቂት ለከርሰ ምድሩ ውሃ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋል። ሕፃን ሲጠጣው የሚያበቅለው ጥርስ ይበልዛል፤ ለረጅም ዘመን የጠጣውን ሰው ደግሞ አጥንቱን ያደርቀዋል፣ ያጐብጠዋልም። እንግዲህ ዝናብ ያጥበዋል ያለው ወዳጃችን አልዋሸም። አጥቦ የሚያወርደው ግን ወደ ጉድጓዱ ነው።

ይህን ስንናገር ሦስተኛው ጓደኛችን ዝም ብሎ ይሰማን ነበር። ያደገው ወንጂ ነው። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይነ አፋርነት ይመስለን ነበር።