ያውቁ ኖሯል? መግነጢስ ወደ ሱፐርኮንዳክተር የሚሾልከው በአዙሪት ነው

ሱፐርኮንዳክተር እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያሳልፍ ቁስ ነው። መግነጢሳዊ መስክ ግን አይስማማውም፤ ከውስጡ ገፍቶ ያስወጣዋል። መስኩ ሲበረታስ? በ1957 እ.ኤ.አ. ሶቪየታዊው አሌክሲ አብሪኮሶቭ እንዳሳየው፣ አንዳንዶቹ ሱፐርኮንዳክተሮች መስኩን በቀጫጭን አዙሪቶች ከፋፍለው ያስገቡታል። በእያንዳንዱ አዙሪት ዙሪያ ኤሌክትሪክ ይሽከረከራል፤ እምብርቱ ላይ ደግሞ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይጠፋል። አዙሪቶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ በሰፊ ቁስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ማዕዘን ጥልፍ ሠርተው ይሰለፋሉ። (አብሪኮሶቭ ጥልፉ የአራት ማዕዘን ነው ብሎ ነበር፤ ኋላ ሌሎች አረሙት። ስህተቱ የ2003 የኖቤል ሽልማትን አላስቀረበትም!)

ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው ቁሱ ሲያንስ ነው። ስፋቱ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ በሆነ ዲስክ ውስጥ ሥርዓቱን የሚወስነው ዳርቻው ነው። አዙሪቶቹ ከጠርዙ ሸሽተው ቀለበት ይሠራሉ፤ ቦታው ሲጠብባቸውም ተዋሕደው አንድ ግዙፍ አዙሪት እስከ መሆን ይደርሳሉ። በ1997 አንድሬ ጋይምና ባልደረቦቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ዲስኮችን መግነጢስ አንድ በአንድ ለኩ። መስኩ በዝግታ ሲጨምር የዲስኩ መግነጢስ ግን በድንገት ይዘላል፤ ዝላዩ የአዲስ አዙሪት መግባት ምልክት ነው።

አዙሪቶቹ በተግባርም ችግር ያመጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ከተንሸራተቱ ኃይል ይባክናል። በሆስፒታሎች የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ያለው የኒዮቢየምና የቲታኒየም ሽቦ ሆን ተብሎ በጥቃቅን እንከኖች ተሞልቶ የሚሠራው አዙሪቶቹን ቸንክሮ እንዲይዝ ነው።