እስክንድርያ፥ በእግር ለሚጐበኛት

ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት የቈረቈራት የግብጽ ወደብ እስክንድርያ፥ በሜዲትራኒያን ባሕርና በመርዩጥ ሐይቅ መካከል በጠባብ ምድር ላይ በቁመቷ የተዘረጋች ናት፤ የጥንቷም ከተማ በአብዛኛው ከዛሬዋ ሥር ተቀብራ ስለምትገኝ፥ የሚጐበኛት ሰው በመኪና ከመክነፍ ይልቅ ልቡን ወደሚረግጠው ምድር መልሶ በዝግታ ቢሄድ ብዙ ያተርፋል።

ፀሐይ ሳትበረታ ከቃይትባይ ምሽግ መነሣት መልካም ነው። ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ ተብሎ የተቈጠረው የፋሮስ የመብራት ግንብ፥ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ለመርከበኞች መንገድ ሲያሳይ ከኖረ በኋላ፥ በምድር መናወጥ፥ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1303 በደረሰው ተጐድቶ በፈራረሰበት ስፍራ፥ ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ይህን ምሽግ አስጀመረ። ከግንቡ ፍርስራሽ ብዙው ከምሽጉ ሥር በባሕር ወለል ተኝቶ ሲኖር፥ እ.ኤ.አ. በ1994 ጠላቂ ሊቃውንት መርምረው በሺህ የሚቈጠር ጥርብ ድንጋይ፥ ዓምድና ሐውልት አግኝተዋል።

ከምሽጉ ወደ ከተማው ሲመለሱ የሚረገጠው ምድር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ይመስለኛል። ፋሮስ ደሴት ነበረች፤ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ከየብስ ሊያገናኟት ሰባት ምዕራፍ የሚረዝም የድንጋይ መሻገሪያ በባሕሩ ላይ ሠሩ፤ ማዕበሉም በመሻገሪያው ግራና ቀኝ አሸዋና ደለል እየከመረ ከዘመን ወደ ዘመን ስላሰፋው፥ የቱርኮች ዘመን ከተማ ከነገበያውና ከነመስጊዱ የተሠራው ቀድሞ ዓሣ ይዋኝበት በነበረ ስፍራ ላይ ነው።

በባሕር ዳር ጎዳና ተጕዘው ከረምል የትራም ጣቢያ ወደ ውስጥ ሲገቡ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ይገኛል። ሕንጻው በ20ኛው ምዕት ዓመት የታነጸ፥ ሊቃነ ጳጳሳቱም በ11ኛው ምዕት ዓመት መቀመጫቸውን ወደ ካይሮ ያዛወሩ ቢሆኑም፥ ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፥ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፥ በ4ኛው ምዕት ዓመት ሾሞ ወደ አክሱም የሰደደው ከዚህች ከተማ ስለ ሆነ፥ ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ግብጻዊ ሊቀ ጳጳስ ከመንበረ ማርቆስ ስትቀበል ስለ ኖረች፥ ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ይህን ደጅ በችኰላ ሊያልፈው አይገባም።

የኮም ኤል ዲካን የሮማውያን ቴአትር አየት አድርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢወርዱ፥ አረማውያን ሳራፒስን ባመለኩበት ኮረብታ ላይ 27 ሜትር ያህል የሚረዝም የአስዋን ቀይ ግራኒት ዓምድ ቆሟል። ሰዎች በሮማዊው በፖምፔ ስም ሲጠሩት ቢኖሩም፥ በመቀመጫው ላይ ያለው የግሪክ ጽሕፈት ለንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክብር መተከሉን ይመሰክራል። በክርስቲያኖች ላይ ጽኑ ስደት ያወጀው ይህ ንጉሥ ስለ ሆነ፥ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን እርሱ ከነገሠበት ከእ.ኤ.አ. 284 አንሥታ ዘመኗን «ዓመተ ሰማዕታት» ብላ እስከ ዛሬ ትቈጥራለች፤ የእኛም ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ያውቁታል።