«ጉዞ»፦ ፒያኒስቱ ከአጃቢነት ወደ ባንድ መሪነት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ፒያኖና ኪቦርድ በአብዛኛው የድምፃውያን አጃቢ ሆነው ቆይተዋል። አድማጭ የሚያስታውሰው የዘፋኙን ስም ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ዜማውን የሚያደምቀው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል። የአዲስ አበባው ፒያኒስት ሳሙኤል ይርጋ በ2004 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2012) ያወጣው «ጉዞ» የተሰኘው አልበም ከዚህ አንጻር ትኩረት ይስባል፤ በራሱ ስም ባንድ የመራበት የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙ ነውና።

ሳሙኤል በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የክላሲካል ፒያኖ ተምሯል። የውጭው ዓለም አድማጭ ቀድሞ ያወቀው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ሙዚቀኞችን ባጣመረው «ደብ ኮሎሰስ» ቡድን ውስጥ ነበር። የቡድኑ መሥራች ኒክ ፔጅ የ«ጉዞ» ፕሮዲዩሰር ሲሆን፣ አልበሙን ያሳተመው በፒተር ጋብርኤል የተመሠረተው «ሪል ወርልድ» ነው።

አንድ ፒያኒስት ባንድ ሲመራ ኃላፊነቱ ከመጫወት ያልፋል። ሥራዎቹን ይመርጣል፤ ማን መቼ እንደሚገባ ይወስናል፤ ራሱ መቼ ዝም እንደሚልም ያውቃል። በኢትዮጵያ ጃዝ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው። የጃዝ ኅብረ ድምፅ ግን ከአምስቱ ውጭ ያሉትንም ይጋብዛል። መሪው ከልክ በላይ ቢያበዛ የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል፤ ከልክ በላይ ቢቆጥብ የጃዙ ነፃነት ይሳሳል። የማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን በጣቱ ሊያለዝበውና ሊያንሸራትተው ሲችል፣ የፒያኖ ቁልፍ ግን በተቃኘበት ድምፅ ይጸናል።

«ጉዞ» ይህን ፈተና በሁለት መንገድ ይመልሳል። በአንድ በኩል ማሲንቆና የትንፋሽ መሣሪያዎች ያሉበትን ባንድ ያሰማል፤ በሌላ በኩል ፒያኖው ብቻውን የሚጫወትባቸውን ክፍሎች ያስገባል። «የባቲ ቆይታ» የሚለው ርዕስ ራሱ የቅኝቱን ስም ይዟል። ድምፃዊቷ ኒኮሌትና የኩባው ክሪዮል መዘምራንም በአልበሙ መሳተፋቸው ጉዞው ከአዲስ አበባ እስከ ካሪቢያን እንዲዘልቅ አድርጎታል።

የኢትዮጵያ ጃዝ በውጭው ዓለም ዝና ያተረፈው በዋናነት በ1960ዎቹ በተቀረጹ ሸክላዎች ዳግም መታተም ነው። እነሙላቱ አስታጥቄ የጣሉት መሠረት የትናንት ቅርስ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የራሱን ድርሰት ይዞ ባንድ የሚመራ ወጣት ያስፈልጋል። የ«ጉዞ» ዋነኛ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ ከአጃቢው ወንበር ተነሥቶ መምራት እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል።