ፎቶውን ያጠፋሁበት ቀን

ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩበት ክረምት ነበር። ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ አረፍዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ይዤ ሶፋ ላይ እጋደማለሁ። እንግዳ ሲመጣ «ሥራ ያዝሽ?» የሚለውን ጥያቄ ላለመስማት ጓዳ እገባለሁ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የወጣቶች የበጎ ፈቃድ ክለብ እንዳለ ነገረችኝና አብሬያት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ሰው ለመርዳት ብዬ አልነበረም፤ ከቤት ለመውጣት ነው።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። «ለራስሽ ሥራ ሳታገኚ ለሰው በነፃ ልትሠሪ?» አለችኝ። የታክሲ ግን ሰጠችኝ።

እንዲህ ያሉ ክለቦች ለብዙ ወላጆች እንግዳ ይመስላሉ። በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት መካከል የሮታራክት ክለቦች ይገኙበታል። የመጀመሪያው ክለብ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት ቻርሎት ከተማ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀበሉት ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ወጣቶች ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን የላይኛው የዕድሜ ገደብ ተነሥቷል። የእኛ ክለብ ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ የሰፈር ልጆች ያቋቋሙት ትንሽ ክለብ ነው። አሠራሩ ግን ይቀራረባል፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

አያቶቻችን ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ዕድር ነዋ!» ይሉ ይሆናል። አልተሳሳቱም። ደቦውም፣ ዕድሩም ከእኛ በፊት ነበሩ። ልዩነቱ፣ ዕድር የሚደርሰው መዋጮውን ለከፈለ አባል ነው፤ ክለቡ ግን ምንም ወዳልከፈለ ሰው ቤት ነው የሚሄደው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀላል እንዳልሆነ ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። እማማ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ስማቸውን የማልጽፍበትን ምክንያት ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

«ሒሳብ ተምራለች» ተብዬ ገንዘብ ያዥ ተደረግሁ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ሳነብ ወረቀቱ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ የእማማን ቤት ልናድስ ተስማማን። አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ዝናብ ሲመጣ እማማ አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ይገፋሉ። ከወረዳው ፈቃድ አገኘን። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተን በእግራችን ረገጥን። ባለሙያው «ያልሰነበተ ጭቃ ግድግዳው ላይ ይሰነጠቃል» ስላለን ለቀናት አቆየነው። የጎደለን የቆርቆሮና የሞራሌ መግዣ ነበር።

አንድ ቀን እማማ በሚያፈሰው ጣራ ሥር አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ፎቶ አነሣኋቸው። አላስፈቀድኳቸውም። ከሥሩ «እናታችንን እንታደግ» ብዬ ጽፌ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። በሁለት ቀን ውስጥ የሚበቃን ገንዘብ ገባ። ክለቡ አጨበጨበልኝ፤ እኔም ራሴን እንደ ጀግና ቆጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ እማማ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጃቸው ፎቶውን አይታዋለች። ስትደውል ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም። «ልጄ፣ ጣራዬ ማፍሰሱን የምናውቀው እኔና እግዜር ነበርን» አሉኝ። «በየወሩ የምትልክልኝ ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት ያልቃል። እንዳትሰቀቅ ደህና ነኝ እላት ነበር። አሁን በሰው አገር ታለቅሳለች። ቤቴን ተዉልኝ።»

አልቆጡም፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጭቃው ደርሷል፣ ገንዘቡ እጃችን ገብቷል፣ ሰኔ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ክለቡ ሲሰበሰብ አንዳንዶቹ «ያለ ፎቶ ማን ይሰጣል? አንድ ሳምንት ብንታገሥ ይረሱታል» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ድሮም ብዬሽ ነበር» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አነሣች። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለች፤ «አንቺ ብቻሽን አትችዪውም።»

በማግሥቱ ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። እናቴ ገና ሳትቀመጥ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉን። አላወቀችም፤ ሳላስተምራት የቀረሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው። ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ግማሹን እናቴ ስትሸከመው ማየት ከባድ ነው። ፎቶውን እማማ ፊት አጠፋሁት። ሌሎች ያጋሩትን ግን በአንድ ንክኪ ማጥፋት እንደማልችል ነገርኳቸው፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ እየለመንኩ እንደማስጠፋም ቃል ገባሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዳንዱ መልእክቴን አይቶ ዝም አለ።

እማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ልጄን አንቺው ራስሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ።» ደወልኩላት። ስለ ራሴ ምንም ሳላሳምር፣ ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር መሆኑን አስቤው እንዳላውቅ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቆርቆሮው ስንት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እሺ፣ በሩን እኔ አሠራለሁ» አለች። እማማ ሥራው እንዲቀጥል የፈቀዱት ይህን ሲሰሙ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዝም አላልኩም። ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ገንዘብ ለሰጡት ሰዎችም ፎቶው ያለ ፈቃድ እንደተነሣ ጽፈን፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ለሚል እንመልሳለን አልን። ማንም አልጠየቀም። ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፦ የሰው ፊትና ስም አይለጠፍም፤ የቤት ፎቶ ቢያስፈልግ እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ከሥራው በፊት ባለቤቱ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደማይፈልግ ይነግረናል። ቆርቆሮው የተመታው ሰኔ ሳይገባ ነው።

ሥራ ያገኘሁት በዚያው ዓመት ኅዳር ሳይሆን በቀጣዩ ኅዳር ነው፤ ያገኘሁትም በክለቡ በኩል አይደለም። ስለዚህ ለወላጆች «ልጃችሁ ክለብ ይግባ፣ ሥራ ያገኛል» አልልም። ያገኘሁት ሌላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አልገባም። ሳልጠይቅ የሰው ገመና ውስጥ እጄን አልከትም። ጥፋቴንም ሰው ፊት ቆሜ መናገር እችላለሁ፤ ይህን ከሒሳብ ትምህርቴ አላገኘሁትም።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ ክለብ ልግባ ሲል ከመከልከላችሁ በፊት ጠይቁ። ገንዘቡን ማን ይይዛል? ደረሰኝ ይቆረጣል? ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው? የሚረዱት ሰዎችስ ይጠየቃሉ? መልሱ ካጠገባችሁ ልቀቁት። ይሳሳታል። ሲሳሳት ደግሞ ነጠላ አንሥቶ «አብረን እንሄዳለን» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን እናቴና እማማ የቡና ወዳጆች ናቸው፤ አንዳንዴ እኔ ሳልኖር ነው የሚገናኙት። እኔም ደመወዝተኛ ሆኛለሁ። እናቴ ግን ቅዳሜ ጠዋት የታክሲ መስጠቷን እስካሁን አልተወችም።